በግድግዳ ላይ ስለ ተለጠፈ የጠላት አዋጅ

ወጣቱ፦ አባቴ ሆይ፣ በጠላት ዘመን በየከተማው ይለጠፍ የነበረውን የጦር ትእዛዝ ዛሬ በብዙ ብር እየገዙ የሚያኖሩት ሰዎች አሉ ይባላል። የውርደታችን መዝገብ አይደለምን? ተቃጥሎ ቢጠፋ ምን ይጎዳናል?

ሽማግሌው፦ ልጄ፣ ባላጋራው በገዛ እጁ የፈረመለትን ሰነድ ከዳኛ ፊት ሳይደርስ የሚያቃጥል ከሳሽ አይተህ ታውቃለህን?

ወጣቱ፦ አላየሁም። ታዲያ ስለ ምን እንዲህ ብርቅ ሆነ?

ሽማግሌው፦ ስለ ተለጠፈ ነዋ! በሙጫ የተጣበቀውን ዝናም ያርሰዋል፣ ፀሐይ ያነጣዋል፣ በሌሊት የሚያልፈውም ይቀደዋል፤ ስለዚህ ንጹሕ ሆኖ የምታገኘው ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ሳይለጠፍ ከጽሕፈት ቤት የቀረው ነው፤ በጀርባው የኖራ ርዝራዥ ያለበት ግን በእውነት አደባባይ የዋለ ምስክር ነውና ቢቆራረጥም አትናቀው። ዓመቱንም መርምር፤ ፋሺስቶች ከጌታ ልደት ዓመት አጠገብ፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ አንሥቶ የሚቆጠረውን የራሳቸውን ዓመት በሮማውያን አኃዝ ይጽፉ ነበር፤ እርሱም በጥቅምት አጋማሽ ይለወጣል።

ወጣቱ፦ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጣዎ የትኛው ነው?

ሽማግሌው፦ የኢጣልያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ደ ቦኖ በዓድዋ ያወጣው! መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻገረ፤ በ25 ዓድዋ ተያዘች፤ በማግሥቱ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን አፍርሳ ጦር አንሥታለች ሲል ወሰነ፤ ልክ በሳምንቱ፣ ጥቅምት 3 ቀን፣ ጄኔራሉ በትግራይ ባርነት ተሽሯል ብሎ አወጀ። እንግዲህ አንተው ፍረድ! ከካህኑና ከደብተራው በቀር ጽሕፈት የሚያነብ ጥቂት በሆነበት፣ ሕዝቡም አዋጅን በነጋሪት መስማት በለመደበት አገር፣ ያ ቃል ለማን ተጻፈ? ፊቱ ወደ ዓድዋ ገበያ፣ ዓይኑ ግን ወደ ጄኔቭ ነበር። ባርነት በአገራችን አልነበረም ብዬ አልዋሽህም፤ ነበረ፣ በእግዚአብሔርም ፊት ኃጢአት ነበረ፤ ነገር ግን ኢትዮጵያ ወደ ማኅበሩ በገባችበት ዓመት፣ በመጋቢት 1916 ዓ.ም.፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን ሕግ አውጀው ነበር፤ ሕጉ በሚገባ አልተፈጸመም ብትለኝ እሺ እላለሁ፣ አልታሰበም ብትለኝ ግን አልሰማህም። ደ ቦኖ ራሱ ኋላ በጻፈው መጽሐፍ አዋጁ ብዙ እንዳልሠራ፣ ነጻ የተባሉትም ማን ያብላን እያሉ ወደ ሹማምንቱ እንደ መጡ አልሸሸገም። ይህ ሁሉ ሲታወቅ፣ ዛሬም በየድግሱ ባርነትን ያጠፋልን ጣልያን ነው እያለ የሚያወራ የተማረ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል፤ ያን ወረቀት አግኝቼ፣ ቀኑን በጣቴ እያሳየሁ፣ ከጄኔቭ ውሳኔ ጋር አስተያይ ብዬ በፊቱ ብዘረጋለት እወድ ነበር።

ወጣቱ፦ ከዚያ በኋላ የወጡትስ?

ሽማግሌው፦ አምስቱን ዓመት ሙሉ መሣሪያ አስረክቡ፣ ግቡ ሲሉ ኖሩ፤ እየደጋገሙ ማዘዛቸውም ጠመንጃው በአርበኛው እጅ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ወጣቱ፦ እውነቱን ልንገርዎ፣ አንድ ነጋዴ ያንኑ የዓድዋውን አዋጅ ሊሸጥልኝ ቀጠሮ ይዟል። ቀኑ በፈረንጅ ኦክቶበር 14፣ 1935 ይላል፤ የፋሺስቱ ዓመትም ዐሥራ አራተኛ ተብሏል።

ሽማግሌው፦ ኦክቶበር 14 በእኛ ጥቅምት 3 አይደለምን? ዐሥራ አራተኛው ገና ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ብርህን ያዝ።