«የሥራ ልምድ አለሽ?» ሲባል ምን ይመለሳል?

ብዙዎቻችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የሥራ ልምድ» የሚል ስናይ «ይሄ የእኔ አይደለም» ብለን እናልፋለን። «0 ዓመት» የሚል ብናገኝም እንኳ የቃል ፈተናው ያስፈራናል። ግን እውነት ምንም ልምድ የለንም?

ከመሄዳችን በፊት

ማስታወቂያውን ደግማችሁ አንብቡ። ምን ዓይነት ሰው ነው የሚፈልጉት? ድርጅቱ ምን እንደሚሠራም ቀድማችሁ ጠይቁ። የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና ኮፒውን፣ መታወቂያችሁንም ጨምራችሁ በዋዜማው አዘጋጁ። ቀጠሮው «3:00» ተብሎ ከተጻፈ ጠዋት ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ? ደውላችሁ አረጋግጡ። ልብሳችሁ ንጹሕ ይሁን እንጂ አዲስ መሆን የለበትም።

ጥያቄና መልስ

ለምሳሌ አንዲት 12ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ለሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይነት አመለከተች እንበል።

«የሥራ ልምድ አለሽ?»

«የለኝም» ብላ ዝም ካለች በሩን በገዛ እጇ ዘጋችው። ብትዋሽ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ትያዛለች። እንዲህ ብትልስ?

«ተቀጥሬ አልሠራሁም። ግን የክበባችንን መዋጮ ሁለት ዓመት ሰብስቤ በደረሰኝ አስረክቤያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜም እናቴ ሱቅ ሂሳብ እይዛለሁ።»

ጠያቂው የሚፈልገው ገንዘብ የሚታመናት ሰው ነው። መልሷ ምን እንደሠራች፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሠራች፣ ለማን እንዳስረከበች ይናገራል። ይሄ ልምድ ነው!

«ድክመትሽ ምንድን ነው?»

«የለብኝም» የሚል መልስ ማንንም አያሳምንም። «ሰው ፊት መናገር እፈራ ነበር፤ አሁን ግን በሚኒ ሚዲያ ዜና አነባለሁ» ማለት ድክመቱንም መፍትሔውንም ያሳያል።

«አንቺስ ጥያቄ አለሽ?»

ዝም አትበሉ። የሥራ ሰዓቱንና የሙከራ ጊዜውን ጠይቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም።

ይህቺን ልብ በሉ

ጠያቂው «ማታ ሆቴል ተገናኝተን እንጨርሰው» ቢልስ? ይሄ ኢንተርቪው አይደለም። ይኸው አዋጅ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። «አልመጣም» ብሎ መውጣት መብታችሁ ነው። ለቤተሰብ ወይም ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ ለፖሊስም ማመልከት ይቻላል። ወንዶችም ብትሆኑ ያው ነው። ሥራ ሌላ ቀን ይገኛል።

የቤት ሥራ

ደብተራችሁ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦

1. ቤት፣ ሰፈር ወይም ትምህርት ቤት ምን ሠርቻለሁ?
2. ለምን ያህል ጊዜ?
3. ማን ይመሰክርልኛል?

ከዚያ ጓደኛችሁ ጠያቂ ይሁን፣ እናንተ ድምፃችሁን አውጥታችሁ መልሱ። ቀጥሎ ተራ ተለዋወጡ። የመጀመሪያው ቀን ምላሳችሁ ይተሳሰር ይሆናል። አይዟችሁ፣ እዚያ መንተባተብ ቀጣሪው ፊት ከመንተባተብ ይሻላል።

መልካም ዕድል!