የደም አርጊዎች ብዛት ምን ይነግረናል?

ማጭድ ጣታችንን ሲቆርጠን ደም ይፈሳል። ጥቂት ቆይቶ ግን ደሙ ይረጋል፤ ቁስሉም ይደፈናል። ይህን ሥራ የሚሠሩት በደማችን ውስጥ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አካላት ናቸው። ሐኪሞች ፕሌትሌት ይሏቸዋል። እኛ በዚህ ትምህርት ደም አርጊዎች እንላቸዋለን።

ደም አርጊዎች የሚሠሩት በአጥንታችን መቅኒ ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 10 ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ መቅኒ ዘወትር አዳዲሶችን ይሠራል። በጤነኛ ሰው ዘንድ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ በማትበልጥ ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ደም አርጊዎች ይገኛሉ።

ታዲያ ቁጥሩ ከዚህ በላይ የሚሆነው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ብዙ ነው። ቁስል ሲያመረቅዝ፣ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለ በሽታ ሲኖር፣ ደም ሲፈስ፣ በሰውነታችን ውስጥ የብረት ማዕድን ሲያንስ ቁጥሩ ይጨምራል። አንዳንድ ጊዜ ግን ምክንያቱ ካንሰር ይሆናል። ይህም በማህፀን፣ በማህፀን በር እና በእንቁልጢ ካንሰር ላይ ይታያል። እንቁልጢ የምንለው የሴቷ እንቁላል የሚዘጋጅበትን አካል ነው።

ካንሰር ይህን እንዴት ያደርጋል? በመንደራችን ኡኡታ ሲሰማ ሰው ሁሉ ለእርዳታ ይወጣል። የእንቁልጢ ካንሰር የሐሰት ኡኡታ ያሰማል። ካንሰሩ ወደ ደም የሚለቀው ንጥረ ነገር ወደ ጉበት ይደርሳል። ጉበትም በተራው ወደ መቅኒ መልእክት ይልካል። መቅኒ ሰውነት የቆሰለ መስሎት ደም አርጊዎችን በብዛት ያመርታል። ግርግር ለሌባ ይመቻል እንደሚባለው፣ በደም ውስጥ የሚጓዘው የካንሰር ዘር በመካከላቸው ተሸሽጎ ከሰውነት ጠባቂዎች ያመልጣል። ከዚያም ወደ ሌላ አካል ይዛመታል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 619 የእንቁልጢ ካንሰር ሕሙማንን ተመልክቷል። ከመቶው 31ዱ የደም አርጊዎቻቸው ቁጥር ከ450,000 በላይ ነበር። ከእነዚህ ግማሾቹ ከ2 ዓመት ከ7 ወር በላይ ኖረዋል። ቁጥራቸው ካልጨመረው ደግሞ ግማሾቹ ከ4 ዓመት ከ7 ወር በላይ ኖረዋል። ስለዚህ የቁጥሩ መጨመር በሽታው የከፋ ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

ነገር ግን ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። የወረዳው አማካይ ምርት የአንዱን ገበሬ ማሳ አይናገርም። የብዙ ሕሙማን ቁጥርም የአንዲቱን ሴት ዕድሜ አይወስንም።

አንዲት እናት የወር አበባዋ ከቆመ ብዙ ዓመት ሆኗታል እንበል። አንድ ቀን እንደገና ደም ታየባት። «በዚህ ዕድሜዬ ይህንን ለማን እነግራለሁ?» ብላ ደበቀችው። ወራት አለፉ። በመጨረሻ ልጇ ይዛት ወደ ሐኪም ቤት ሄደች። ልጅቱ የምርመራውን ወረቀት አነበበች፤ 520,000 ይላል። እናትየዋ ደንግጣ፣ «በቃ፣ አለቀልኝ ማለት ነው?» አለች። ሐኪሙም፣ «እማማ፣ ይህ ቁጥር ብቻውን ካንሰር አለ አይልም። ደም ስለፈሰሰዎትም ሊጨምር ይችላል። ደሙ ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ምርመራ ገና ነው። የሚቆጨው ወራቱ ማለፋቸው ነው» አላት።

ሐኪሙ እውነቱን ነው። ካንሰር ሳይሰራጭ ከተገኘ የመዳን ተስፋው ይበልጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል።

ስለሆነም ከዚህ የሚከተሉትን ምልክቶች ያየች ሴት ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

1. የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ ወይም ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፤
2. መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፤
3. ሳይቀንስ የሚቆይ የሆድ መነፋት፣ ጥቂት በልቶ ቶሎ መጥገብ።

ደም አርጊዎች ሲበዙ ደም በሥር ውስጥ ሊረጋ ይችላል። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ በድንገት ካጠረ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ደም ያቀጥናል የተባለ ኪኒን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንውሰድ።

ወንዶችም ይህን ትምህርት እናንብበው። ሚስታችን፣ እናታችን ወይም እኅታችን የደበቀችውን ሕመም ያለ ኀፍረት እንድትነግረን የምናደርጋት እኛው ነን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ጥያቄዎች

1. ደም አርጊዎች የሚሠሩት የት ነው? ሥራቸውስ ምንድን ነው?
2. ከካንሰር ሌላ ቁጥራቸውን የሚጨምሩ ሦስት ምክንያቶችን ጻፉ።
3. እናትየዋ ምን ማድረግ ነበረባት? ተወያዩበት።