በመፀው ወራት ለትምህርት ቤት ግቢ የሚስማሙ ያገር ተክሎች

ክረምቱ አልፎ ምድር በአበባ የምታጌጥበት ወራት መፀው ይባላል። በባሕረ ሐሳብ ቍጥር ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ነው። ብዙ ሰው ይህን ወራት ጸደይ ይለዋል፤ በሊቃውንት አቈጣጠር ግን ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ቀን ጀምሮ ያለው ነው። በመፀው የትምህርት ቤት ግቢ በየትኛው ተክል እንደሚያምር፤ ተክሉም እንዴት እንደሚመረጥ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

1ኛ፤ ቅጠል መልኩን ስለሚለውጥበት ምክንያት

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በዚህ ወራት የብዙ ዛፎች ቅጠል ቢጫና ቀይ ይሆናል። ቀኑ እያጠረ ብርዱም እየበረታ ሲሄድ ዛፉ ቅጠሉን ለመጣል ይዘጋጃል። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ነገር ክሎሮፊል ይባላል፤ እርሱ ሲፈርስ አስቀድሞ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ መልክ ይገለጣል። ቀዩ መልክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል አዲስ የሚሠራ ነው።

የእኛ አገር ግን ለምድር ወገብ የቀረበ ነው። በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው ከአንድ ሰዓት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅጠላቸውን የሚጥሉ ዛፎቻችን በአብዛኛው የሚጥሉት ዝናም ስለሚቆምና ምድር ስለምትደርቅ ነው እንጂ ቀን ስላጠረ አይደለም። እንግዲህ የመፀው ጌጥ በእኛ ዘንድ በመጀመሪያ ከአበባ፤ ቀጥሎም ከቅጠልና ከፍሬ ይፈለጋል።

2ኛ፤ ስለ አበባ

አደይ አበባ ከሁሉ ይቀድማል። በክረምት በቅሎ በመስከረም ቢጫ ያብባል፤ ዘሩን ካፈሰሰ በኋላ በበጋ ይደርቃል። ልጆች በዕንቍጣጣሽ ለዘመድ የሚሰጡት፤ በደመራም ችቦ ላይ የሚታሰረው እርሱ ነው። አጠባበቁ ቀላል ሲሆን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የግቢው ሣር በመስከረም ሁሉ በአንድነት ቢታጨድ፤ ወይም ከብት ቢግጠው፤ ዘሩ ሳይበስል ይጠፋል፤ አደዩም ከዓመት ወደ ዓመት ይመነምናል። ስለዚህ በግቢው አንድ ወገን ላይ ዘሩ በስሎ እስኪረግፍ ድረስ ማጭድ የማይነካው ቦታ ይከለል። ከደረቀውም አበባ ዘር ሰብስቦ በደረቅ ስፍራ ማኖርና ዝናም ሊገባ ሲል በለሰለሰ መሬት ላይ መበተን ይገባል።

አሜጃ የደጋ ቍጥቋጦ ነው፤ አበባው ትልቅና ቢጫ ነው። ራስ ክምር፤ በአንዳንድ አገር የፈረስ ዘንግ የሚባለው፤ ብርቱካን የመሰለ አበባውን በግንዱ ዙሪያ እንደ ቀለበት ደራርቦ ያወጣል፤ ቀጭን ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎችም ማሩን ሊቀስሙ ይመጣሉ።

ከዛፎች ዋንዛ በወይና ደጋ ነጭ አበባ ይለብሳል፤ ለንብም መልካም ቀሰም ነው። ኮሶ በደጋ ይበቅላል፤ አበባው እንደ ወይን ዘለላ ወደ ታች ይንጠለጠላል። የኮሶ ወንዱና ሴቱ በልዩ ልዩ ዛፍ ላይ ነው፤ ቀይ የሚመስለው የሴቲቱ አበባ ነው። ዘር እንዲገኝ ሁለቱም በአቅራቢያ ሊኖሩ ያስፈልጋል፤ አንድ ዛፍ ብቻ መትከል አይበቃም። ኮርች ደግሞ ቅጠሉን ባራገፈ ጊዜ እንደ ፍም የቀላ አበባ ያወጣል። ከወፍራም ቅርንጫፉ ተቈርጦ ቢተከል ይጸድቃልና ለአጥር ይመቻል።

3ኛ፤ ስለ ቅጠልና ስለ ፍሬ

በቅጠሉ መልክ የታወቀው ብሳና ነው። ሰፊው ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ብርቱካን ይመስላል። ነገር ግን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይለወጥም፤ በአረንጓዴው መካከል አንድ አንድ ቅጠል እንደ ፋና ሲበራ ይታያል። በቆላና በዝቅተኛው ወይና ደጋ አባሎ ይሻላል፤ ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ይቀላል፤ ክንፍ ያለው ፍሬውም ቅላት አለው። ቀጋ ያገራችን የዱር ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ አበባው ካለፈ በኋላ የሚበላ ቀላ ያለ ፍሬ ይይዛል፤ እሾሁም ለአጥር ይጠቅማል።

4ኛ፤ ስለ አመራረጥና ስለ አተካከል

ከሁሉ አስቀድሞ በአካባቢው ምን እንደሚበቅል ሽማግሌዎችን መጠየቅ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢና በገደል አፋፍ የቀረው ዛፍ ያንን አየርና ዐፈር የሚወድ መሆኑን ያስረዳልና። የደጋውን ኮሶ ወደ ቆላ፤ የቆላውን አባሎ ወደ ውርጭ አገር መውሰድ ድካም ብቻ ነው።

ጕድጓዱ በግንቦት ይቈፈር፤ ችግኙ በሐምሌ ይተከል፤ ሥሩ በበጋው ፊት እንዲጠነክር ነው። ረጃጅሞቹ ዛፎች ከግድግዳና ከውኃ ጕድጓድ ርቀው በስተ ኋላ፤ አሜጃና ራስ ክምር በመካከል፤ አደይ በፊት ይሁን። ችግኝ ከዱር ነቅሎ ማምጣት ዱሩን ያራቍታል፤ ዘር ለቅሞ በመደብ ማፍላት ይሻላል።

5ኛ፤ ስለ ጥንቃቄ

የወፍ ቆሎ የሚባለው ባለ ብዙ መልክ አበባ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ስለሚያምር ለአጥር ይተከላል፤ ነገር ግን ወፎች ፍሬውን በልተው በየማሳውና በየግጦሹ ይዘሩታል፤ ቅጠሉም ከብትን ይመርዛል። በግቢ ቢገኝ ከነሥሩ ይነቀል እንጂ አይተከል። የኮርች ዘር ቢያምርም መርዝ አለው፤ ሕፃናት ወደ አፋቸው እንዳያስገቡት መንገር ይገባል። ኮሶም መድኃኒት መሆኑ ቢታወቅ መጠኑ ሲያልፍ ዐይንን ይጐዳልና ተማሪዎች አይቅመሱት።

ያልተጠበቀ አደይ ከመንደሩ ቢጠፋ የዕንቍጣጣሽ ልጆች በእጃቸው የሚይዙት ያጣሉ፤ የኮሶም ዛፍ ቢቈረጥና ምትክ ባይተከል ስሙን እንጂ መልኩን የሚያውቅ ልጅ አይገኝም። ስለዚህ መምህር ዘሩን፤ ሽማግሌም ዕውቀቱን ለልጆች ያውርሱ።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1. በአገራችን ዛፎች ቅጠላቸውን የሚጥሉት በአብዛኛው ስለ ምን ነው?
2. የግቢው ሣር በመስከረም ሁሉ ቢታጨድ አደይ ምን ይሆናል?
3. አንድ የኮሶ ዛፍ ብቻ መትከል ስለ ምን አይበቃም?
4. በመንደራችሁ በመፀው የሚያብቡትን ተክሎች ከሽማግሌ ጠይቃችሁ ስማቸውን ጻፉ።