የመኖሪያ ቤት ግብር እፎይታ፦ የሦስት ስልቶች ንጽጽር ከአሜሪካ ግዛቶች ተሞክሮ

የንብረት ግብር የሚሰላው በቤቱ ዋጋ ላይ ነው፤ የሚከፈለው ግን ከባለቤቱ ገቢ ነው። የቤት ዋጋ ንሮ ገቢ ባለበት ሲቆም፣ በተለይ በጡረታ የሚተዳደር ቤተሰብ በገዛ ቤቱ የመኖር አቅም ሊያጣ ይችላል። የአሜሪካ ግዛቶች ይህን ችግር ለማቃለል ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት ልዩ ልዩ እፎይታ ይሰጣሉ። ይህ ጽሑፍ ሦስት ስልቶችን በማነጻጸር፣ ተጠቃሚውን የሚወስነው ከእፎይታው መጠን ይልቅ የአሰጣጡ ስልት መሆኑን ያሳያል።

1. ቋሚ ተቀናሽ

በዚህ ስልት ከቤቱ ግምት ላይ የተወሰነ ገንዘብ ተቀንሶ ግብሩ በቀሪው ላይ ይሰላል። የቴክሳስ መራጮች ለትምህርት ቤቶች በሚከፈለው ግብር ላይ የሚሠራውን ተቀናሽ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 40,000፣ በ2023 ወደ 100,000፣ በ2025 ደግሞ ወደ 140,000 ዶላር አሳድገዋል። የግብሩ ምጣኔ 1 በመቶ ነው ቢባል፣ የ280,000 ዶላር ቤት ያለውም ሆነ የ1,400,000 ዶላር ቤት ያለው እኩል 1,400 ዶላር ይቀርለታል። ይህ ለመጀመሪያው የግብሩ ግማሽ ሲሆን ለሁለተኛው ግን አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ስልቱ አነስተኛ ቤት ላለው ያደላል። ሆኖም ትምህርት ቤቶች የሚያጡትን ገቢ ግዛቱ ከሌላ ምንጭ መተካት ይኖርበታል። ቴክሳስ በግለሰብ ገቢ ላይ ግብር ስለማትጥል ከዋና ምንጮቿ አንዱ የሽያጭ ታክስ ነው፤ ይህን ደግሞ ከተቀናሹ በቀጥታ የማይጠቀመው ተከራይም ይከፍላል።

2. የግምት ጣሪያ

ቴክሳስ ከተቀናሹ ጋር በዓመት የ10 በመቶ የግምት ጣሪያ ትጠቀማለች፤ የስልቱ ውጤት ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ግን በፍሎሪዳ ነው። በ1992 በመራጮች ጸድቆ ከ1995 ጀምሮ በሚሠራበት ድንጋጌ መሠረት፣ የመኖሪያ ቤት ግምት በዓመት ከ3 በመቶ ወይም ከዋጋ ንረቱ፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው በላይ አያድግም። ቤቱ ሲሸጥ ግምቱ ወደ ገበያ ዋጋ ይመለሳል። 200,000 ዶላር የተገመተ ቤት በየዓመቱ 3 በመቶ ቢጨምር ከ10 ዓመት በኋላ ግምቱ 269,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። የገበያ ዋጋው በዚያው ጊዜ 400,000 ቢደርስ፣ ተመሳሳይ የሆነውን የጎረቤት ቤት የሚገዛ ሰው፣ ሌላ ተቀናሽ ሳይታሰብ፣ የሚገመትበት በ400,000 ነው። የመነሻ ዋጋው አምስት እጥፍ ለነበረ ቤት ከግብር ውጭ የሚሆነው ገንዘብም አምስት እጥፍ ነው። ጣሪያው ነባሩን ነዋሪ ከድንገተኛ ጭማሪ ይጠብቃል፤ ነገር ግን አዲስ ገቢውን ይጎዳል፣ ነባሩንም ቤቱን ከመቀየር ያግዳል። ፍሎሪዳ ከ2008 ጀምሮ ነዋሪው ከተጠራቀመው ጥቅም እስከ 500,000 ዶላር ወደ አዲሱ ቤቱ እንዲያዛውር የፈቀደችው ይህን እግድ ለማላላት ነው።

ካሊፎርኒያ በ1978 የጣለችው የ2 በመቶ ጣሪያ በፍርድ ቤት ተፈትኗል። በሎስ አንጀለስ በ1988 ቤት የገዙ አንዲት ከሳሽ፣ ተመሳሳይ ቤት ካላቸው ነባር ጎረቤቶቻቸው 5 እጥፍ ገደማ እንደሚከፍሉ አስረድተው ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ሲል ወሰነ። ውሳኔው የሕጋዊነትን ጥያቄ ቢዘጋም የፍትሐዊነቱን ክርክር አልዘጋም።

3. በገቢ የተመጠነ ተመላሽ

ዊስኮንሲን በ1964 የጀመረችው ስልት ግብሩን ከቤተሰቡ ገቢ ጋር ያገናዝባል። የኪራይ የተወሰነ ክፍል እንደ ንብረት ግብር ስለሚቆጠር ተከራዮችም ይካተታሉ። ድካሙ ያለው በአፈጻጸሙ ነው፤ ተጠቃሚው በየዓመቱ ማመልከትና ገቢውን ማስረዳት ስላለበት፣ መብቱን የማያውቅ ሳይጠቀም ይቀራል።

ማጠቃለያ

ቋሚ ተቀናሽ ለአነስተኛ ቤት፣ ጣሪያ ለነባር ባለቤት፣ በገቢ የተመጠነ ተመላሽ ለአነስተኛ ገቢ ያደላሉ። የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ያጸደቀ በመሆኑ ንጽጽሩ ለአገር ውስጥ ጥናትም ይጠቅማል። የቤታቸው ዋጋ ከገቢያቸው ርቆ የሄደባቸው የከተማ አረጋውያንና የግብሩ ጫና በኪራይ ሊተላለፍባቸው የሚችሉ ተከራዮች በአንድ ዓይነት እፎይታ ሊሸፈኑ አይችሉም። ስለዚህ ተመራማሪው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ምን ያህል ይቀነስ የሚለውን ሳይሆን እፎይታው በቤቱ ዋጋ፣ በይዞታ ዘመን ወይስ በገቢ ይመጠን የሚለውን ነው።