የካሣው ገንዘብና የአንደኛ ክፍል ተማሪው



ብዙዎቻችን ሰሜን ቨርጂኒያ ዘመድ አለን። የዛሬው ትምህርት እዚያ የሚያድጉ ልጆችን ስለሚነካ የካሣ ገንዘብ ነው።

ኦፒዮይድ የሚባሉት እንደ ሞርፊን ያሉ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ፐርዱ ፋርማ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ኦክሲኮንቲንን ሲያወጣ፣ ሱስ የማስያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው እያለ ለሐኪሞች አስተዋወቀው። የሆነው ግን ሌላ ነው። በሐኪም ማዘዣ የጀመረ ብዙ ሰው ወደ ሄሮይን፣ ቀጥሎም ወደ ፌንታኒል ሄደ። ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች ከሰሱ። በ2021 ሦስት ታላላቅ የመድኃኒት አከፋፋዮች በ18 ዓመት እስከ 21 ቢሊዮን ዶላር፣ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ደግሞ እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ቢያንስ 85 በመቶው ችግሩን ለማቃለል ብቻ እንዲውልም ውሉ ያስገድዳል።

ይህ ግዴታ የመጣው ከትምባሆው ታሪክ ነው። በ1998 የሲጋራ ኩባንያዎች ለ46 ክፍለ ግዛቶች በ25 ዓመት 206 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊከፍሉ ሲስማሙ፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል የሚያስገድድ ቃል አልነበረም። አብዛኛው የበጀት ቀዳዳ መድፈኛና የሌላ ሌላው ወጪ መሸፈኛ ሆነ፤ ልጆችን ከማጨስ ለመጠበቅ የዋለው ጥቂት ነው። በአማና የተሰጠ ገንዘብ እንዲህ ሲባክን ያሳዝናል።

ቨርጂኒያ ከኦፒዮይዱ ካሣ 30 በመቶውን በቀጥታ ለካውንቲዎችና ለከተሞች ትሰጣለች፤ 55 በመቶው ለዚሁ ሥራ በተቋቋመ ባለሥልጣን በኩል ያልፋል። አደጋው ደግሞ ትምህርት ቤት ገብቷል። በ2023 ላውደን ካውንቲ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በተከታታይ ከመጠን በላይ ወስደው በመውደቃቸው፣ አገረ ገዢው ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለውን ነገር በ24 ሰዓት ውስጥ ለወላጆች እንዲያሳውቁ አዘዙ።

የወደቀን ልጅ የሚያነቃው ናሎክሶን መገዛት አለበት፤ የሱስ ሕክምናም እንዲሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ገና ያልጀመረው ልጅ ነው። መኪና ቢገዛ ለሪፖርት ይመቻል፤ ያልጀመረ ልጅ ለሪፖርት አይመችም።

መከላከል የተባለ ሁሉ ደግሞ አይሠራም። ዴር የተባለው ፕሮግራም ከ1983 ጀምሮ ፖሊሶችን ክፍል እያስገባ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ግን፣ ከወሰዱትና ካልወሰዱት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። (በዓመት አንድ ቀን አዳራሽ ሞልተን የምንበተን ሁሉ ይህን ብናስብበት መልካም ነው።)

በተቃራኒው፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ባልቲሞር ውስጥ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል የተሞከረ አንድ ጨዋታ አለ። መምህሯ ተማሪዎቹን በቡድን ትከፍላለች፤ አንዱ ደንብ ሲጥስ በቡድኑ ላይ ምልክት ይያዛል፤ ጥቂት ምልክት ያለበት ቡድን ይሸለማል። ስለ ዕፅ አንድም ቃል አይነሣም። ልጆቹ ከ19 እስከ 21 ዓመት ሲሞላቸው ሲታዩ፣ በተለይ በአንደኛ ክፍል አስቸጋሪ ከነበሩት ወንዶች መካከል ጨዋታውን የተጫወቱት በዕፅ ሱስ የተያዙት አነስ ብለው ተገኙ። ራስን መግዛት በስድስት ዓመት የሚለመድ ነገር ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሠለጠነ መምህር እንጂ ውድ ዕቃ አያስፈልግም።

አሁን እንደ ምህንድስና ተማሪ ላስላው። ክፍያው 18 ዓመት ይቆያል። ሲጀመር የስድስት ዓመት ልጅ የነበረ፣ ሲያበቃ 24 ይሞላዋል። ፍሬው በ13 እና በ15 ዓመት ለሚታይ ሥራ ከዚህ የተሻለ የገንዘብ ምንጭ አይገኝም። ችግሩ የካውንቲ ምክር ቤት አባላት ምርጫ በየጥቂት ዓመቱ መሆኑ ነው።

አንድ ስውር መንገድም አለ። ካውንቲው ለትምህርት ቤት አማካሪዎች ድሮ ይመድብ የነበረውን በጀት ያነሣና በካሣው ይተካዋል። በወረቀት ላይ ገንዘቡ ለመከላከል ውሏል፤ ልጆቹ ጋ ግን አንድም የተጨመረ ነገር የለም። ስለዚህ ከካሣው በፊት የነበረው በጀት ስንት እንደሆነ አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የካውንቲ ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ነዋሪ ተነሥቶ መናገር ይችላል። ዘመዶቻችሁ ጋ ስትደውሉ ይህን ንገሯቸው። የሚጠይቁትም አጭር ነው፦ ከካሣው ዘንድሮ ለአንደኛ ክፍል ስንት ተመደበ? አምና ያለ ካሣው ስንት ነበር?