የሐር ትልና ሙጫው

(ቢስቲማ ላይ፣ በአንድ አረጋዊ መምህርና ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በመጣ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተማሪ መካከል የተደረገ ምልልስ)

ተማሪ፦ የኔታ፣ ሐር ለልብስ ብቻ ሳይሆን ለማጣበቂያም ይሆናል ሲሉ ሰምቼ ተደነቅሁ፤ እንዴት ይሆናል?

መምህር፦ ልጄ፣ የሐር ትል ጎጆውን ሲሠራ ሁለት ፕሮቲን ያፈልቃል፤ ፋይብሮይን የተባለው ክሩ ሲሆን፣ ከጠቅላላው ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚደርሰው ሰሪሲን ደግሞ ክሩን ከክር የሚያያይዘው ሙጫ ነው፤ እኛ ግን ጎጆውን በሳሙናና በሶዳ ቀቅለን፣ ክሩን ለማለስለስ ስንል ሙጫውን ከእጣቢው ጋር እንደፋዋለን።

ተማሪ፦ እንግዲያው የሚደፋውን መሰብሰብ አይበቃም?

መምህር፦ አይበቃም፤ ሰሪሲን በውሃ ስለሚሟሟ እርጥበት ይፈታዋል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ክሩን ራሱን በሊትየም ብሮማይድ አሟምተው ባሕርዩን ይለውጡታል። በባሕር ዐለት ላይ ተጣብቆ ማዕበል የማይነቅለው መስል የተባለው ባለ ዛጎል ፍጥረት ኃይሉን የሚያገኘው ዶፓ ከተባለ ውሁድ ነውና፣ በፋይብሮይን ውስጥ 5 በመቶ ያህል የሚሆነውን ታይሮሲን በኤንዛይም ወደ ዶፓ ይለውጡታል። በአሜሪካ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ፋይብሮይንን ከፖሊዶፓሚንና ከብረት ክሎራይድ ጋር አዋሕደው፣ ውሃ ውስጥ የሚይዝ ማጣበቂያ አግኝተዋል።

ተማሪ፦ ጥቅሙስ?

መምህር፦ ብዙው የእንጨት ሙጫ ካንሰር የሚያመጣውን ፎርማልዴሃይድ ወደ አየር ይለቃል፤ ሐር ግን ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ ቁስል ሲሰፉበት የኖሩት ክር ነው። ስለዚህ ሥጋን ከሥጋ ለማጣበቅ ተስፋ የሚጣልበት ነው።

ተማሪ፦ ይህ ጥበብ ለእኛ አገር ሩቅ አይሆንም?

መምህር፦ በአውሮፓ አቆጣጠር በ531 ገደማ የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ ሐርን ከሕንድ ገዝቶ እንዲሸጥለት ወደ ንጉሣችን ወደ ካሌብ ልኮ ነበር፤ ነገር ግን የፋርስ ነጋዴዎች በየወደቡ ቀድመው ጭነቱን ሁሉ ይገዙ ስለ ነበር ሐሳቡ አልሠመረም። ዛሬ ግን ትሉ ራሱ በእጃችን ነው፤ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማእከል የጉሎ ቅጠል የሚበላውን ኤሪ የተባለውን ዝርያ ያጠናል፤ ጉሎም ብዙ ጊዜ ሳይዘሩት የሚበቅል ተክል ነው።

ተማሪ፦ እንዲህ ከሆነ የውጭውን ስልት በኤሪ ላይ መድገም ይበቃናል።

መምህር፦ አትቸኩል፤ ብዙው ጥናት የተሠራው የእንጆሪ ቅጠል በሚበላው ትል ሐር ላይ ነው፤ የኤሪ ፋይብሮይን በአላኒን የበለጸገ ስለሆነ በሊትየም ብሮማይድ በቀላሉ አይሟሟም። እንግዲህ የሌላውን ስልት ከመድገምህ አስቀድሞ የኤሪን ሐር የሚያሟማውን መንገድ ፈልግ፤ የአንተ ትውልድ ሥራ ይህ ነው።