የሠራተኞች በዓልና በጽሕፈት ቤት የሚያገለግሉትን ስለ ማክበር

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ በየዓመቱ ሚያዝያ 23 ቀን ሲደርስ መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ይውላሉ። ይህ ቀን በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክብረ በዓል ሆኖ የታወቀ ነው። በኋላ ዘመን ደግሞ የዓለም ሠራተኞች ቀን በዚሁ ዕለት ስለሚውል ሁለቱ በዓላት በአንድ ቀን ተገናኙ። ስለዚህ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ስብሰባ ይወጣል፤ የሚበዛው ግን በቤቱ ያርፋል። ዕረፍት መልካም ነው። ዳሩ ግን ስለ ምን እንደምናርፍ ሳናውቅ ብናርፍ በዓሉ ከእንቅልፍ ቀን አይለይም።

እንግዲህ በዚህች አጭር ትምህርት ሦስት ነገር እናስብ። ፊተኛው፣ በዓሉ ከየት እንደ መጣ ነው። ሁለተኛው፣ በጽሕፈት ቤት የሚያገለግሉ ሰዎች ምን ክብር እንደሚገባቸው ነው። ሦስተኛው፣ እኛ በዓሉ ካለፈ በኋላ በየዕለቱ ምን ልናደርግ እንደሚገባን ነው።

፩ በዓሉ ከየት መጣ?

ከመቶ ዓመት በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ በፋብሪካ የሚሠራ ሰው በቀን ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ይደክም ነበር። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ልጆቹ ተኝተው ያገኛቸዋል፤ ማለዳም ሳይነቁ ትቷቸው ይወጣል። ስለዚህ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1886 ዓመት ሜይ 1 ቀን በአሜሪካ በብዙ ከተማዎች የሚኖሩ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ሠራተኞች የቀኑ ሥራ ስምንት ሰዓት ብቻ እንዲሆን ለመለመን ሥራቸውን አቆሙ። በሦስተኛው ቀን በኋላ በቺካጎ ከተማ፣ ሄይማርኬት በሚባለው ስፍራ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ አንድ ሰው በፖሊሶች ላይ ቦምብ ጣለ፤ ፖሊሶችም ተኰሱ፤ ከሁለቱም ወገን ሰዎች ሞቱ። ቦምቡን የጣለው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ በእርግጥ አልታወቀም። ነገር ግን ስምንት ሰዎች ተከሰው ተፈረደባቸው፤ ከእነርሱም አራቱ በ1887 ዓመት ተሰቀሉ። በ1893 ዓመት የዚያ ክፍለ አገር ገዥ ፍርዱ ቅን እንዳልነበረ ተናግሮ በወኅኒ የቀሩትን ሦስቱን ፈታ።

በ1889 ዓመት በፓሪስ የተሰበሰቡ የሠራተኞች ማኅበሮች ይህ ቀን በአገሩ ሁሉ እንዲታሰብ ወሰኑ፤ ከሚቀጥለውም ዓመት ጀምሮ ልማድ ሆነ። በ1919 ዓመት የዓለም የሥራ ድርጅት ሲመሠረት የፊተኛው ስምምነቱ በፋብሪካ የሚሠራበት ጊዜ በቀን ስምንት፣ በሳምንትም አርባ ስምንት ሰዓት እንዲሆን የሚያዝ ነበር። በአገራችንም በ2011 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ይህንኑ ልክ ይወስናል፤ ደግሞም ለሠራተኛ በየሳምንቱ ከሃያ አራት ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲሰጠው ያዝዛል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ትእዛዝ ለክርስቲያን እንግዳ ነገር ነውን? አይደለም። የሰንበት ሕግ በሙሴ እጅ በተሰጠ ጊዜ ጌታው ብቻ እንዲያርፍ አልተነገረም፤ ሎሌውና ገረዱ፣ መጻተኛውም፣ በሬውና አህያው ሳይቀሩ ከእርሱ ጋር እንዲያርፉ ተነገረ እንጂ። የራሱን ዕረፍት በሌላው ድካም የሚገዛ ሰው ሰንበትን አላከበረም።

፪ ስለ ጽሕፈት ቤት አገልጋዮች

ስለ ሠራተኛ በምንናገርበት ጊዜ ብዙዎቻችን መዶሻ የያዘውን፣ ድንጋይ የሚጠርበውን፣ በፋብሪካ የሚደክመውን እናስባለን። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በጥላ ሥር ተቀምጠው የሚደክሙም አሉ። ደብዳቤ የምትጽፈው ጸሐፊ፣ በመዝገብ ቤት አቧራ እየዋጠ ፋይል የሚፈልገው፣ ወረቀት ከክፍል ወደ ክፍል የሚያመላልሰው ተላላኪ፣ ማለዳ ከሁሉ በፊት ደርሳ ወለሉን የምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ፣ ሌሊቱን ሙሉ በበር የሚያድረው ዘበኛ፣ እነዚህ ሁሉ ሠራተኞች ናቸው። እጃቸው ስላልሻከረ ድካማቸው ቀላል የሚመስለን ካለን ተሳስተናል።

በአገራችን የእጅ ሥራን መናቅ የቆየ በሽታ ነበር። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ይሰደብ ነበር፤ ብዕር የያዘውም እንኳ ጠንቋይ ነው እየተባለ ይታማ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። በዚሁ ዓመት ደግሞ የፊተኞቹን ሚኒስትሮች ሾመው የመንግሥትን ሥራ በየክፍሉ አደራጁ። ጽሕፈት ቤት የቆመበትና ጸሐፊን መስደብ የተከለከለበት ዘመን አንድ መሆኑን ልብ በል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፏል፤ ስድቡ ግን መልኩን ለውጦ በመካከላችን እንዳለ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም፤ በደሉ የእኔ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የአንዲት ትንሽ ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። በሠራተኞች በዓል ዋዜማ፣ በማግሥቱ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ስለ ሠራተኛ ክብር ንግግር እንዳደርግ ታዘዝሁ። በእጄ የጻፍሁትን ይዤ በዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሊወጣ ሲነሣ፣ ወደ ጸሐፊዋ ሄድሁና «ይህን በኮምፒዩተር ጻፊልኝ» አልኋት።

እርስዋም ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ልጄ አሞታል። ማታ ከቤት ሆኜ ብጽፈውና ነገ በማለዳ ባመጣልዎስ?» አለችኝ።

እኔ ግን፣ «ዛሬ ካላለቀ አይሆንም፤ ነገ የማስተካክልበት ጊዜ የለኝም» ብዬ መለስሁላት። እርስዋም ዝም ብላ ተቀመጠች። ሥራው ያለቀው ከምሽቱ በሁለት ሰዓት ነው።

በማግሥቱ በስብሰባው ፊት ቆሜ አነበብሁት። ሠራተኛን ማክበር የሥልጣኔ ምልክት እንደ ሆነ፣ የደከመውን ማሳረፍ እንደሚገባ ተናገርሁ። ሰዎችም አጨበጨቡ። ከመድረኩ ስወርድ የክፍላችን ተላላኪ፣ በዕድሜው አባቴ የሚሆን ሰው፣ ቀርቦ እጅ ነሣኝና፣ «ጌታዬ፣ ንግግርዎ መልካም ነበር። ያች የጻፈችልዎ ልጅ ግን ልጇን ይዛ በሐኪም ቤት አድራለች» አለኝ። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልጨመረም፤ ሄደ።

አንባቢ ሆይ፤ በእጄ ያለው ወረቀት እንደ እሳት አቃጠለኝ። በላዩ የተጻፈው ቃል ሁሉ ይመሰክርብኝ ነበርና። በሥራው ቀን ጠርቼ ይቅርታ ለመንኋት፤ የልጁንም ስም ጠየቅኋት። ልጁ ድኖ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዋም «ምንም አይደል፣ ጋሼ» አለችኝ፤ ነገር ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። አራት ዓመት ከእኔ ጋር ሠርታ የልጅዋን ስም የጠየቅሁት ያን ቀን መሆኑን ባሰብሁ ጊዜ፣ የበደሌ ሥር በአንድ ምሽት የተተከለ እንዳልሆነ ገባኝ። ያን ሽማግሌ ተላላኪም እስከዚያ ቀን ድረስ «አንተ» ብዬ እጠራው ነበር፤ እርሱ ግን «እርስዎ» ይለኝ ነበር።

፫ ከመጽሐፍ የምናገኘው ምሳሌ

ነቢዩ ኤርምያስ ቃሉን በተናገረ ጊዜ በቀለም የጻፈለት ባሮክ የሚባል ጸሐፊ ነበር። ንጉሡ ኢዮአቄም መጽሐፉን ቀድዶ በእሳት አቃጠለው፤ ባሮክም እንደ ገና ተቀምጦ ሁሉን ጻፈ። ይህ ጸሐፊ ደክሞት ባዘነ ጊዜ እግዚአብሔር ቸል አላለውም፤ ለእርሱ ለብቻው የተላከ ቃል በነቢዩ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች የላከውን መልእክት በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ጤርጥዮስ በራሱ ስም ሰላምታ ያቀርባል። እስቲ አስተውል፤ ጳውሎስ ይህን ስም እንዳይገባ ሊከለክል በቻለ ነበር። ነገር ግን ፈቀደለት፤ ስለዚህ ያ ጸሐፊ እስከ ዛሬ በአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በስሙ ይታወቃል። እኛስ የእኛን ደብዳቤ የሚጽፉልንን በስማቸው እናውቃቸዋለንን?

ቦዔዝም ባለጠጋ ሰው ሳለ ከቤተ ልሔም ወደ እርሻው በመጣ ጊዜ መከሩ ምን ያህል እንደ ሆነ አስቀድሞ አልጠየቀም፤ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም አላቸው፤ እነርሱም መረቁት። ሰላምታ ከሂሳብ ቀደመ።

፬ በየዕለቱ ልናደርገው የሚገባን

አንደኛ፣ በአጠራራችን እንጠንቀቅ። «አንተ» የሚለው ቃል በወንድምና በወዳጅ መካከል የፍቅር ቃል ነው፤ ታላቅህን በሥራው ዝቅተኛነት ምክንያት «አንተ» ብትለው ግን የንቀት ቃል ይሆናል። ዘበኛውንም ሆነ ጽዳት የምትሠራውን እናት እንደ ዕድሜያቸው «እርስዎ» ማለት ከክብርህ አንዳች አያጐድልም።

ሁለተኛ፣ የሰውን ሰዓት እንደ ሰው ገንዘብ እንቍጠር። በሥራ ሰዓት መጨረሻ ላይ ያለ ጭንቅ የሚሰጥ ሥራ ከልጆች እራት፣ ከታመመም አልጋ አጠገብ የሚነጠቅ ሰዓት ነው። የግድ ከሆነም በአዋጅ የተወሰነው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይከፈል። የሙሴ ሕግ የድሀውን ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጡት ያዘዘው ያ ሰው በተስፋ ስለሚጠብቀው ነው።

ሦስተኛ፣ ስሕተት ሲገኝ በብቻው እንንገረው። ደብዳቤው ካማረ ምስጋናውን ፈራሚው ይወስዳል፤ ከተበላሸ ግን ነቀፋው በጸሐፊዋ ላይ ይወድቃል። ይህ ቅን ፍርድ አይደለም።

አራተኛ፣ ክብርን ከጉቦ እንለይ። ባለጉዳይ ሆነህ በምትሄድበት ጊዜ ለጸሐፊው በስውር ገንዘብ ብታቀብለው አላከበርኸውም፤ ሕሊናውን ገዛኸው እንጂ። ሰላምታህና ትዕግሥትህ፣ ሲገባውም ምስጋናህ ይበቃዋል።

አምስተኛ፣ ይህ ትምህርት ለአለቆች ብቻ አይደለም። በጽሕፈት ቤት የምታገለግል ወንድሜ፣ እኅቴም ሆይ፤ ከመስኮትህ ፊት የቆመው ባለጉዳይ ደግሞ ሠራተኛ ነው። አንድ ገበሬ የአውቶቡስ ገንዘብ ተበድሮ ከሩቅ መጥቶ «ነገ ተመለስ» ሲባል፣ ያ አንድ ቃል የሁለት ቀን እርሻውን ይወስድበታል። መከበርን የምንሻ እኛ ማክበርን እንጀምር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፣ አለቃውና ጸሐፊው ባለጉዳዩም ቢተባበሩ ሥራ ይቀናል።

በአሜሪካ ከ1952 ዓመት ጀምሮ ለጸሐፊዎች የሚታሰብ ልዩ ሳምንት አለ፤ በዚያም አለቆች አበባ ይሰጣሉ። አበባ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሳምንቱ ይጠወልጋል። ዓመቱን ሁሉ የማይጠወልገው የልብ አክብሮት ነው።

፭ ራስህን የምትመረምርበት ጥያቄ

ከምሠራበት ክፍል ወለሉን የሚጠርገውን ሰው ስሙን አውቃለሁን?

ባለፈው ወር ያመሰገንሁት ሰው ማን ነው? የተቈጣሁትስ?

የእኔን ዕረፍት ለመሙላት ዛሬ ሳያርፍ የቀረ ማን ነው?

ከፊቴ የቆመውን ባለጉዳይ አባቴ ቢሆን ኖሮ እንዲህ እመልሰው ነበርን?

ተወዳጅ አንባቢ ሆይ፤ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ስትሰጥ ብታፍር፣ እኔም እንዳንተ አፍሬአለሁና ተስፋ አትቍረጥ። ኀፍረት ወደ ይቅርታ ደጅ የሚያደርስ መንገድ ነው። በሚመጣው ሚያዝያ 23 ቀን ከሰልፍና ከንግግር በፊት፣ ሳታስበው ያደከምኸው አንድ ሰው ካለ ወደ እርሱ ሂድ፤ በስሙ ጠርተህ ይቅርታ ለምነው። የበዓሉ መጀመሪያ ይህ ይሁን። በማግሥቱም ቢሮው ሲከፈት ወደ ወንበርህ ከመሄድህ በፊት በሩ ላይ ላለው ዘበኛ ቆም ብለህ፣ «እንደምን አደሩ?» በለው።